መርከብ የተቃጠለበት ፊልም

እልፍነሽ የገዛ ሕይወቷን በሳንቃ ግድግዳ በኩል ሰማችው። እሁድ ጧት ነው፤ ፀሐይዋ ገና የቤቱን ቆርቆሮ ማንጫጫት አልጀመረችም። ወንድሟ አምሀ ከወዲያ በኩል መስተዋቱ ፊት ቆሞ ጢሙን እየተላጨ ከሰዓት በኋላ የሚናገረውን ይለማመዳል፤ እሷ ከወዲህ በኩል የልብስ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ነገ በባቡር የምትሄደውን የዓይናለምን ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች። ለአሥር ዓመት እሁድ እሁድ ጧት የሰማችው ድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ ልብም አላለችው። እየቆየ ግን ድምፁ ሐዘንተኛ ሆነ። «አክስት አይደለሽ፣ ሕፃኗን አንቺ ክርስትና አንሺያት አሏት፤ እሷ ግን እምቢ አለች። ጠልታት አይደለም ወገኖቼ! እናት የወለደችውን ክርስትና አታነሳም» ሲል፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል ብላ ጆሮዋን ወደ ሳንቃው አስጠጋች። አምሀ ጉሮሮውን ጠረገና ያንኑ ደገመው፤ ይባስ ብሎ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አማረለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናለምን የወለደቻት እልፍነሽ ናት። ይህን የሚያውቁት እሷ፣ ወንድሟ አምሀና የአምሀ ሚስት ወርቅነሽ ብቻ ናቸው። አራተኛው የልጅቱ አባት ነበር፤ ሐዲድ ሲዘረጋ ለቀን ሠራተኛ ምንዳ የሚከፍል ጸሐፊ። ሐዲዱ ወደ አዋሽ ሲገፋ እሱም አብሮ ገፋ፣ በዚያው ቀረ። ያኔ አምሀና ወርቅነሽ ድሬዳዋ ነበሩ፤ በትዳር ስድስት ዓመት ቆይተው ልጅ አላገኙም። ልጅቱ በተዘጋ ቤት ተወለደች፣ በሁለተኛው ሳምንት አምሀ ወደ ጅቡቲ ጣቢያ ተዛወረ። ማንም በማያውቃቸው አገር ወርቅነሽ ሕፃን ታቅፋ ከባቡር ወረደች፣ እልፍነሽ ጓዙን ተሸክማ ከኋላዋ ወረደች፤ በቃ፣ አንዷ እናት አንዷ አክስት ሆነው ቀሩ። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ስትል ጎረቤቱ ሁሉ፣ አክስቲቱ እያለች ሌላ ምን ያስፈልጋል አለ። ክርስትና ያነሳ እናት ይባላል፤ ቢያንስ ያንን ስም ታገኘው ነበር። የወለደች ግን ክርስትና አታነሳም፣ ሕጉ ነው፤ ሕጉን ብታፈርስ መዓቱ በልጅቱ ላይ የሚወርድ መሰላት። ምክንያቷን መናገር ስለማትችል «አይሆንልኝም» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። የሠፈሩ ሴቶች ታዲያ አፋቸውን ከፈቱባት፦ መካን ሆና ነው፣ ምቀኛ ናት፣ ልቧ ድንጋይ ነው። ከሁሉ አብልጣ ያማቻት የውብዳር የምትባለው ጎረቤት ናት፤ ሕፃኗን ክርስትና ያነሳችውም እሷው ሆነች።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? እልፍነሽ አሥራ ስምንት ዓመት እንዲያ ኖረች። ስትሰጥ ግን አንድ ቃል አስገብታ ነበር፤ አምሀም ወርቅነሽም በማርያም ስም ምለውላታል፦ ልጅቱ ስትዳር ይነገራታል፣ የምትነግራትም ራሷ እልፍነሽ ናት። ያ ቀን ይኸው ደረሰ። ዓይናለም ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ ለሚሠራው ለታምሩ ታጭታለች፣ ተክሊሉም እዚያው ነው። ነገ ጎሕ ሲቀድ የአባት የእናቷን ጉልበት ስማ ባቡር ትሳፈራለች። እልፍነሽ የፈለገችው ሌላ ምንም አይደለም፤ ልጇ ጉልበቷን ስትስም ማንን እንደሳመች አውቃ እንድትስም ነው። ዛሬ ሲመሻሽ ልትነግራት ቆርጣለች። እንዴት እንደምታሳምናትም አስባበታለች፦ ዓይናለም ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እቴቴ፣ ለምንድን ነው አንቺ ክርስትና ያላነሳሽኝ?» እያለች ትጠይቃት ነበር፣ ቅር እያላት። እልፍነሽም «ስታገቢ እነግርሻለሁ» ትላት ነበር። ወረቀት የላት፣ ምስክር የላት፣ ለልጅቱ የምትሰጣት ማስረጃ ያ ብቻ ነው። ያንን ነው አምሀ ፊቱን በሳሙና አረፋ ለውሶ ለመስተዋቱ የሚያወራው።

አምሀ ከባቡሩ ሥራ በጡረታ ከወጣ ወዲህ የሲኒማ ቱርጁማን ነው። ሙሴ ያኒ የሚባለው ግሪክ ከወደቡ ወዲህ ያለውን አሮጌ የቆዳ መጋዘን ነጭ መጋረጃ ሰቅሎ ሲኒማ ቤት አድርጎታል። ሥዕሎቹ ይሮጣሉ፣ ይላቀሳሉ፣ ይታኮሳሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም፤ በየመካከሉ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ስለዚህ ለሱማሌው በሌላ ቀን ሌላ ቱርጁማን አለው፣ ለዓረቡም እንዲሁ፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን የሐበሻ ነው፣ አምሀ ዘንጉን ይዞ በመጋረጃው ጎን ይቆምና ታሪኩን ያወራል። ሐቁ ይነገር ከተባለ የአምሀ ፈረንሳይኛ የጣቢያ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ዕቃ»፣ «ሰዓት»፣ «ሦስተኛ ማዕረግ» ከሚለው ብዙም አይርቅም። ሙሴ ያኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሬ ነገሩን በአምስት ቃል ይነግረዋል፣ ከዚያ አምሀ እልፍነሽ ዘንድ ማጀት ገብቶ በርጩማ ይስባል። «እልፌ፣ የእንጀራ እናት የበደለቻት ልጅ ነገርስ እንዴት ነበር?» ይላታል። እሷም ከእናታቸው፣ ከሴት አያታቸው የሰማችውን ታወራለታለች። አሥር ዓመት ሙሉ የጅቡቲ ሐበሻ በዚያ መጋዘን ያፈሰሰው እንባ ከዚች ሴት ማጀት የወጣ ነው፤ ይህን ግን ማንም አያውቅ። እሷም አልከፋትም። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ቃሏ ከወንድሟ አፍ ወጥቶ ሰውን ሲያስተክዝ መስማት ደስ ይላት ነበር። ተረት ነዋ የሰጠችው! ተረት ቢሰጡት አያልቅም።

ቀሚሱን አስቀምጣ ዞራ ወንድሟ ክፍል ገባች። አምሀ ምላጩን እንደያዘ በመስተዋቱ ውስጥ አያት።

«ጋሼ፣ ያቺ ሴት ማናት?»

የፊልሙ ናት አላት። ማዴሌን የምትባል የፈረንጅ አጣቢ፤ ከወንድ ወልዳ ልጇን ለሀብታም እህቷ ትሰጣለች፣ ኋላ በዚያው ቤት ገረድ ሆና ትገባለች፣ ልጅቱ እናቷን ሳታውቃት ትዳር ለመያዝ ትደርሳለች። በመካከሉ ሦስት መርከብ ይቃጠላል። ማርሴይ ላይ ሰው በር ሰብሮ የገባበት ፊልም ነው፤ ሙሴ ያኒ ወንበሩን ከአንድ ፍራንክ ወደ ሁለት ከፍ አድርጎታል። አምሀ ይህን ሁሉ ሲያወራ እህቱን አላያትም፣ አገጩን ነው የሚያየው። ፈረንጅ አገር ልጇን የሰጠች ሴት የለችም መሰለሽ ወይ አላት፤ ታሪኩ የነሱ ነው፣ እሱ የጨመረው ትንሽ ቅመም ነው። ደግሞም ሙሴ ያኒ ትናንት ምን እንዳለው ታውቃለች? ከባሕሩ ማዶ ኤደን ላይ አዲሶቹ ፊልሞች ራሳቸው እየተናገሩ ነው፤ ይህ ፊልም መጋዘኑን ካልሞላው ዘንግ የያዘ ሰው አልፈልግም ብሎታል።

«ዛሬ ሲመሽ ልነግራት ነው» አለች እልፍነሽ። «አንተ ቀድመህ ያንን ካወራኸው እኔ ምን ይቀረኛል?»

አምሀ ምላጩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። እሺ፣ የክርስትናዋን ነገር እተወዋለሁ አላት። በማርያም በለኝ አለችው። በማርያም አለ። አረፋው ፊቱ ላይ ደርቆ ነበር።

ለቀሚሱ ጥብጣብ ጎድሏት ስለነበር ካርቲየ 3 ወደሚባለው ሠፈር፣ ሙሐዲን ሱቅ ወረደች። መንገዱ ገና በሦስት ሰዓቱ ይጋገራል፤ ከአምቡሊ ውሃ ጭነው የመጡ ግመሎች በአጥሮቹ ጥላ ተንበርክከዋል፣ ውሃው ከትናንቱ ዋጋው ጨምሯል፣ ሴቶቹ ከባለ ግመሉ ጋር በሱማሌኛ ይሟገታሉ። ሙሐዲን የሐረር ሰው ነው፤ ልጅ ሳለ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ፈረንሳይኛ አንብቦ ያውቃል፣ በመርከብ የሚመጣ ጋዜጣ ሁለት ሳምንት ዘግይቶም ቢሆን ሳያነብ አይውል። በሱቁ በር ላይ የፊልሙን ሥዕል ለጥፈውበታል፤ አንድ መርከብ ይነዳል፣ ከመርከቡ የምትበልጥ ሴት ፊቷን በእጆቿ ይዛለች። እልፍነሽ ጥብጣቡን እየለካላት ሥዕሉን ስታይ አይቶ ሳቀ።

ዛሬ ሁለት ፍራንክ ልትከፍይ ነው ወይ አላት። እኔ አንድም አልከፍል፤ ጋዜጣው ላይ ታሪኩን አንብቤዋለሁ። እናቴ ሐረር ላይ የነገረችኝ ነው፤ ባለቤቴን ኻሊዳን ብትጠይቂያት ደግሞ ከአያቷ የሰማችው ነው፤ ስሙን ይለውጡታል፣ ባርኔጣ ያለብሱታል፣ ከዚያ የኛኑ ለኛው ይሸጡልናል። ሙሐዲን በዚህ ነገር እንደ ዳኛ ነው፣ ከጀመረ አያቆምም። ከወር በፊት የመጣውም የወንድማማቾቹ ፊልም እንዲሁ ነበር፣ ከዚያ በፊት የመጣውም የሌባው ፊልም።

«ሦስት መርከብ የሚያቃጥልበት ገንዘብ ያለው ሰው አንድ አዲስ ታሪክ መግዣ ያጣል?» አላት። «አይገዙም። የቆየ ታሪክ ባለቤት የለውም፣ ማንም አይከሳቸውም።»

እልፍነሽ ጥብጣቡን በጣቷ ትጠቀልላለች። «ከተረት ሳይሆን ከሰው ሕይወት ቢወስዱስ ሙሐዲን?» አለችው።

ሰውዬው መቀሱን ይዞ ትንሽ አሰበ። የሰው ሕይወትም ቢሆን አርባ ዓመት ሲሞላው ተረት ነው አላት፤ ባለቤቱ ቆሞ የኔ ነው ካላለ በቀር። ሦስት ፍራንክ ያለውን ጥብጣብ ለሙሽራ ነው ብሎ በሁለት ተኩል ሰጣት። እሷ ግን መንገድ ለመንገድ የምታስበው ስለ ዋጋው አልነበረም። ባለቤቱ ቆሞ የኔ ነው ካላለ በቀር አለ። ልትል ነው እኮ! ዛሬ ልትል ነው።

ምሳ ላይ አራቱም አንድ ገበታ ቀረቡ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው የሳጥን ሳንቃ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ከጋዜጣው በላይ የማርያም ሥዕል፣ ከሥዕሉ ጎን አምሀ በባቡር ልብስ የተነሳው ፎቶግራፍ። ዓሣው ተወደደ ተባለ። በረዶ የሚሸጠው ዓረብ ዛሬ አልመጣም ተባለ። ታምሩ ጣቢያ ድረስ ይመጣ ይሆን ወይስ ሽማግሌ ይልክ ይሆን ተባለ። ዓይናለም ብቻዋን ታወራለች፣ ብቻዋን ትስቃለች፤ ሙሽራ ናት፣ ይገባታል። ድሬዳዋ ሲኒማ እንደዚህ አይገኝም፣ ዛሬ ጠግቤ ማየት አለብኝ ትላለች። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ግን በየፊታቸው ካለው ጉርሻ ሌላ የሚያዩት አልነበራቸውም። ኋላ ማጀት ውስጥ፣ ወርቅነሽ ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር «ዛሬ ነው?» አለቻት። እልፍነሽ ዛሬ ነው አለች። ወርቅነሽ የታጠበውን ሳህን መልሳ አጠበችው። ቃል ቃል ነው፣ እኔ ምን እላለሁ አለች። ድምፅዋ ግን የሚያሳዝን ነበር፣ የእልፍነሽንም አንጀት በላው። አሥራ ስምንት ዓመት ሌሊት ሌሊት ለልጅቱ ሳል የተነሳችው፣ ቁርጥማት የያዘውን እግሯን እየጎተተች ሐኪም ቤት ያመላለሰቻት ይህችም ሴት ናት። ሁለቱም እኩል እያሳዘኑ አንዷ የግድ መቅረት አለባት፤ የዚያ ቤት ነገር እንዲያ ነበር።

መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። የቆዳው ሽታ ከአሥር ዓመት በኋላም አልለቀቀውም፤ በዚያ ላይ የሰው ላብ፣ የሽቶ፣ የሲጋራ። ከባቡሩ ሠፈር ያልመጣ የለም፤ የጣቢያው ዘበኞች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ከፈረንጅ ቤት በፈቃድ የወጡ ሞግዚቶች፣ የውብዳርም ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት አግዳሚ ላይ። ሙሴ ያኒ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ፍራንክ ሁለት ፍራንኩን እየተቀበለ ሲጋራውን ያላምጣል። እልፍነሽ ከኋላ፣ ዓይናለም ከጎኗ፣ ወርቅነሽ ከዓይናለም ወዲያ ተቀመጡ። መብራት ጠፋ፣ ሞተሩ መንጓጓት ጀመረ፣ ነጩ መጋረጃ ላይ ባሕር መጣ።

አምሀ በመጀመሪያው ሰዓት ድንቅ ነበር። መርከቦቹ ሲነዱ ዘንጉን መሬት ላይ እየመታ «እሳት! እሳት!» ሲል አንድ ዘበኛ ተነስቶ ቆመ፣ ሰው ሳቀበት። አጣቢዋ ልጇን ስትሰጥ ግን ሳቁ ቆመ። የሴትየዋ ፊት መጋረጃውን ሙሉ ሞላው፤ ዓይኗ ብቻውን የሰው ቁመት ያህላል፣ እንባው ቀስ ብሎ ሲወርድ ሁሉም ይከተለዋል። እልፍነሽ አየቻት። እኔን አትመስልም አለች በልቧ፤ እኔ እንዲህ አምሬ አላውቅም። ይህን ብላ ጥቂት ቀለል አላት። ወዲያው ግን የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን መጣ፣ ሕፃን በነጭ ልብስ፣ ቄስ፣ የውሃ ገንዳ። አጣቢዋ ከዓምዱ ጀርባ ተደብቃ ታያለች። ሀብታሟ እህት ዞራ በእጇ ጠራቻት፣ አጣቢዋ ራሷን ነቀነቀች፣ እምቢ አለች። እናንተዬ፣ ይህንን አምሀ አልጨመረውም፤ ፊልሙ ውስጥ ነበር። ፈረንጅ ያንን ከየት አመጣው? ማን ነገረው? ወይስ ከጥንት ጀምሮ ሴት ሁሉ ከዓምድ ጀርባ የቆመችው እንደዚሁ ኖሯል? ከዚያ ጽሑፍ መጣ፤ ረጅም፣ አራት መስመር የፈረንሳይኛ ጽሑፍ።

አምሀ ዝም አለ። ሌላ ያዘጋጀው ቃል አልነበረውም። ጽሑፉ መጋረጃው ላይ ቆሟል፣ ሞተሩ ይንጓጓል፣ ሰዉ ይጠብቃል። «ምን ይላል?» አለ አንድ ሰው ከጨለማው። «ለምን እምቢ አለች?» አለች የውብዳር፣ እሷው ራሷ። «ቱርጁማኑ ተኝቷል፣ ሁለት ፍራንካችን ይመለስ» አለ ሌላው፣ ሰው ተንጫጫ። በሩ ላይ የሙሴ ያኒ ሲጋራ ቀላ፣ ከአፉ ወረደ። አምሀ በመጋረጃው ብርሃን ወደ ኋላ አግዳሚዎች አየ፤ እህቱን ፈልጎ ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ ከዚያ ጨለማ ማንንም ሊያይ አይችልም። ዘንጉን አንድ ጊዜ መታ። «እምቢ ያለችው ጠልታት አይደለም ወገኖቼ» አለ። ቀጠለም፣ ጧት ከተለማመደው አስበልጦ። ጎረቤቱ ምቀኛ እንዳላት፣ መካን እንዳላት፣ ልበ ድንጋይ እንዳላት፣ ልጅቱ አድጋ ለምን አላነሳሽኝም ስትላት ስታገቢ እነግርሻለሁ እንዳለቻት፤ አንዲት ነገር አላስቀረላትም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። መጋዘኑ በለቅሶ ተሞላ። የውብዳር ደረቷን እየመታች «እኔን! እኔን!» ትላለች፣ ስለ ፈረንጇ አጣቢ። ዓይናለም የእልፍነሽን ክንድ አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። ከሁሉ የባሰው ግን፣ እልፍነሽ ተናዳ፣ ተቃጥላ፣ ወንድሜ አይደለህም እያለች በልቧ እየረገመችው፣ እሷም አለቀሰች። አሥራ ስምንት ዓመት ማንም እንደዚያ አሳምሮ ነግሯት አያውቅም ነበር።

ሲወጡ ሰማዩ ከባሕሩ በላይ ቀልቷል፣ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል። ሙሴ ያኒ አምሀን በሰው ፊት ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ሰው እጁን ሊጨብጠው ተጋፋ። አምሀ ከእህቱ አሥር እርምጃ ቀድሞ ነው ቤት የደረሰው፤ ጓሮ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማል፣ አልወጣም። እልፍነሽ ወደ ጓሮው አልዞረችም። ምን ትለዋለች? ጊዜ የላት፤ የቀራት ይህች ምሽት ናት። ኩራዙን አብርታ ዓይናለምን ወደ ራሷ ክፍል ጠራቻት፣ ልብሱ ተጣጥፎ የሞላው ሳጥን አጠገብ አስቀመጠቻት፣ እጇን ያዘች። አሥራ ስምንት ዓመት ያዘጋጀችው አነጋገር ነበራት፤ ሁሉም ጠፋባት፣ ባዶውን እውነት ብቻ አወጣችው።

«የወለድኩሽ እኔ ነኝ» አለቻት።

ዓይናለም ዓይኗ ገና ከለቅሶው እንዳበጠ ነው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ጨዋታ መስሏት። እልፍነሽ ስለ ድሬዳዋው የተዘጋ ቤት ነገረቻት፣ ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ባቡሩ። ልጅቱ ፈገግታዋ ጠፋና በሐዘኔታ ታያት ጀመር፤ ሰው ትኩሳት የያዘውን ሰው እንደሚያየው። እልፍነሽ ይህን ስታይ ያቺን የመጨረሻዋን አወጣች፤ ምን ታድርግ፣ ሌላ የላትም። «ክርስትና ያላነሳሁሽ ለዚህ ነው» አለች። «እናት የወለደችውን አታነሳም። ስታገቢ እነግርሻለሁ እልሽ አልነበረም?»

«እቴቴ» አለች ዓይናለም ቀስ ብላ፣ «እሱን እኮ አባዬ አሁን ነው የተናገረው። ፊልሙ ነው እኮ።»

ከዚያ ወደ ሳንቃው ዞራ እናቷን ጠራች። ወርቅነሽ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሩቅ አልነበረችም፣ ሁሉንም ሰምታለች፤ በዚያ ቤት ሳይሰማ የሚቀር የለም። ዓይናለም በግማሽ ሳቅ በግማሽ ጭንቀት፣ እማዬ፣ እቴቴን ስሚያት፣ አጣቢዋ እኔ ነኝ ትላለች አለቻት። እልፍነሽ ቀና ብላ ወርቅነሽን አየቻት። በስሟ የማለችባት የማርያም ሥዕል ከበስተጀርባዋ ግድግዳው ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «እውነቷን ነው» ብቻ። ወርቅነሽ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልጅቱን አየች፣ የተጣጠፈውን የሙሽራ ቀሚስ አየች፣ ነገ ጧት ተቀምጣ ጉልበቷ የሚሳምበትን ወንበር አስባ ይሆናል።

«ፊልም እንዲህ ነው ልጄ» አለች። «ሰው ላይ ያድራል። እቴቴሽ ነገ ስለምትለዪያት ሆድ ብሷት ነው።» ይህን ብላ ሄደች። ከጓሮው የአምሀ ሳል ተሰማ፣ ሳሉም ወዲያው ቆመ።

ዓይናለም ደግ ልጅ ናት፣ ይህ የማይካድ ነው። አልሳቀችባትም። በነጠላዋ ጫፍ የእልፍነሽን ፊት ጠረገች፣ እኔም እኮ የራሴ ታሪክ እስኪመስለኝ ነው ያለቀስኩት አለቻት፣ የውብዳርንም አየሻት ወይ፣ ደረቷን ስትመታ አለቻት። እልፍነሽ እውነት ነው ብላ ብትምል፣ መማሉም ፊልሙ ውስጥ አለ፤ አጣቢዋም ምላ ነበር። ብታለቅስ አጣቢዋም አልቅሳለች። የቀራት ነገር ቢኖር ልጅቱን ነገ በተጨነቀ ልብ አለመሸኘት ነው። «እውነትሽን ነው» አለቻት በመጨረሻ። «ፊልሙ ነው።»

ዓይናለም ቀለል አላት፣ እፎይ አለች። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች፣ እንደ ልጅነቷ ራሷን እልፍነሽ ጭን ላይ አሳረፈች። ለታምሩ እናት የፊልሙን ታሪክ ልነግራቸው እፈልጋለሁ አለች፤ እዚያ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ሙሽራ ዝም ብላ ስትቀመጥ ያስጠላል። አንቺ አስጠኚኝ፣ ተረት ከአባዬ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ አለቻት።

እልፍነሽ ጸጉሯን በጣቶቿ እየፈታች ጀመረች። አንዲት ሴት ነበረች አለች፤ የሰው አፍ አምና የተታለለች። ወለደች። ወንድም ነበራት አለች፣ ዓይናለም «እህት» ብላ አረመቻት፣ እህት ነበራት አለች። እህቷ ልጅ አልነበራትም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ገና ሰው ሳይነቃ፣ ሕፃኗን ከእቅፏ አውጥታ ለሌላ እቅፍ ሰጠች።

«የሰጠች ቀን አላለቀሰችም» አለች እልፍነሽ። «ጡቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን አርሶት ነበር። ሰው እንዳያይባት ነጠላዋን ደራርባ ጓዝ ታስር ነበር። አላለቀሰችም።»

ዓይናለም ጭኗ ላይ እንደተኛች ሳቅ አለች። «ተሳሳትሽ እቴቴ፣ አልቅሳለች እንጂ። ፊቷ መጋረጃውን ሞልቶት እንባዋ ሲወርድ አላየሽም?»

«አይቻለሁ» አለች እልፍነሽ። «አልቅሳለች። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»